ማኅተም የሌለውን ፋይል የማይከፍት ስልክ

ባለፈው ሰሞን የስልኬ ስክሪን ተሰነጠቀና ሰፈራችን ያለ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ጠርዙን በሙቀት አላልቶ ጀርባውን ፈታና ውስጡን አሳየኝ። ባትሪው፣ ካሜራው፣ ስፒከሩ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቺፕ በወረንጦው ጫፍ ነካ አድርጎ «ሚዲያቴክ ናት፣ አብዛኛው ርካሽ ስልክ ውስጥ የምታገኘው እሷኑ ነው» አለኝ።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ስለ ሰሜን ኮሪያ ስልኮች እያነበብኩ ነበር። ፒዮንግያንግ ውስጥ «የሀገራችን ምርት» ተብለው ከሚሸጡት ስማርትፎኖች አንዳንዶቹ ተመራማሪዎች እጅ ገብተዋል። ሲመረመሩ የተገኘው ያው የታይዋኑ ሚዲያቴክ ቺፕ ነው። ሶፍትዌራቸውም አንድሮይድ ነው። ማለትም ከኔ ስልክ ጋር የአክስት ልጆች ናቸው። ግን የኔ ስልክ ጓደኛዬ የላከልኝን ፎቶ ይከፍታል። የእነሱ አይከፍትም። ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚህ ልዩነት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ስለ ሰሜን ኮሪያ ስልክ ወሬ ሲነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ውሸት ነው፣ የቻይና ቀፎ ላይ ስም ለጥፈው ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ማዕቀብ አንቆ ይዟቸው እንኳን የራሳቸውን ሠሩ፣ እኛስ?» ይላል። እኔ ሁለቱም የተሳሳተ ጥያቄ ይዘው የሚከራከሩ ይመስለኛል። ቀፎው ከየትም ይምጣ። እዚያ ሀገር በእርግጥም በሀገር ልጅ እጅ የተሠራው ነገር ቁልፉ ነው።

ቀፎውን በአጭሩ እንለፈው። ነሐሴ 2013 ላይ የሰሜን ኮሪያ መንግሥት ዜና አገልግሎት፣ ኪም ጆንግ ኡን «የግንቦት 11 ፋብሪካ» የሚባል ቦታ ሲጎበኝ የሚያሳዩ ፎቶዎች አወጣ። ፋብሪካው አሪራንግ የሚባል ስማርትፎን ያመርታል ተባለ። መሪው ስልኩን አገላብጦ አየው፣ የካሜራውንም ጥራት አደነቀ ተብሎ ተጻፈ። የሀገሪቱን ቴክኖሎጂ ለዓመታት የሚከታተለው ጋዜጠኛ ማርቲን ዊሊያምስ ግን ፎቶዎቹን ሲያይ አንድ ነገር ታዘበ። ሠራተኞቹ ስልኩን ሲፈትሹና ሲያሽጉ ይታያሉ እንጂ ሲሠሩት አይታዩም። ስልኩም ዩኒስኮፕ የተባለ የቻይና ኩባንያ ከሚሸጠው ሞዴል ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ «ፒዮንግያንግ»፣ «ጂንዳሌ» እና ሌሎችም የስልክ ስሞች መጥተዋል። መገጣጠም ደግሞ ነውር አይደለም። ቴክኖን የሚያመርተው የቻይናው ትራንሽን እኛም ሀገር ከ2011 ጀምሮ ስልክ ይገጣጥማል። ብዙ ሀገር የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሰሜን ኮሪያው ጉዳይ ላይ የተለየው፣ በታኅሣሥ 2017 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በቁጥር 2397 ውሳኔው ወደዚያ ሀገር የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንዳይገባ መከልከሉ ነው። አዳዲስ ሞዴል መውጣቱ ግን አልቆመም። ዕቃው በድንበር በኩል መግባቱን ቀጥሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ምክንያቱም ይህ መንግሥት ሞባይልን ከመውደዱ በፊት በጣም ፈርቶት ነበር።

የመጀመሪያው የሞባይል ኔትወርክ በ2002 ከታይላንዱ ሎክስሊ ኩባንያ ጋር ተጀመረ። ሚያዝያ 2004 ላይ በቻይና ድንበር አካባቢ ያለችው የርዮንግቾን ባቡር ጣቢያ በከባድ ፍንዳታ ወደመች። የዚያን ጊዜው መሪ ኪም ጆንግ ኢል በባቡር ከቻይና ሲመለስ በዚያ መስመር ካለፈ ሰዓታት ብቻ ነበሩ ያለፉት። ፍንዳታው በሞባይል ተቀነባብሯል የሚል ጥርጣሬ ተወራ። በወሩ ሞባይል ለተራው ሰው ታገደ። ስልኮቹም ከሰው እጅ ተለቀሙ። አንድ ዕቃ ገዝተህ፣ ተመዝግበህ፣ ከፍለህ፣ ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ «አምጣ» ስትባል አስቡት።

እገዳው ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ቆየ። ታኅሣሥ 2008 ላይ ኮሪዮሊንክ የሚባል የ3ጂ ኔትወርክ ሥራ ጀመረ። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው። 75 በመቶው የግብፁ ኦራስኮም፣ 25 በመቶው የሰሜን ኮሪያ ፖስታና ቴሌ። ኦራስኮም ማለት የባለሀብቱ የናጊብ ሳዊሪስ ድርጅት ነው። ሌላው ሰው የማይደርስበት ገበያ ውስጥ ብቻውን ገባ። የ2012 መጀመሪያ ላይ 1 ሚሊዮን ደንበኛ ነበር፣ በ2013 ደግሞ 2 ሚሊዮን ደረሰ። ከወረቀት ላይ ስታየው ሥራው ሰምሯል።

ችግሩ ገንዘቡን ማውጣት ነበር። ይህን ነገር እኛ ለማንም ሰው ማስረዳት አይከብደንም፤ የባንክ ምንዛሪና የጥቁር ገበያ ምንዛሪ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ በራሳችን ኪስ አይተነዋል። የእነሱ ግን የባሰ ነው። በይፋው ዋጋ 1 ዶላር 100 ዎን አካባቢ ሲሆን፣ ገበያ ላይ 8,000 ዎን ገደማ ነበር። ሰማንያ እጥፍ። ኦራስኮም እዚያ የተጠራቀመለት ገንዘብ በይፋው ሲመነዘር ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በገበያው ዋጋ ግን ጥቂት ሚሊዮን ነበር። ያችንም ቢሆን አምጡ ሲል የሚሰጠው አላገኘም። ይባስ ብሎ መንግሥት የራሱን ሌላ ኔትወርክ አቋቋመበት። በ2015 ኦራስኮም ኮሪዮሊንክን መቆጣጠር አልቻልኩም ብሎ ከሒሳቡ አወጣው። ድርሻው 75 በመቶ እንደሆነ ነው፣ ቃሉ ግን አይሰማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታያል። አምባገነን መንግሥት ቴክኖሎጂን አይጠላም። የማይቆጣጠረውን ቴክኖሎጂ ነው የሚጠላው። በ2004 ስልኩን ሲሰበስብ የሚቆጣጠርበት መንገድ አልነበረውም። በ2008 ሲመልሰው ግን እየተዘጋጀበት ነበር። በ2019 ዋሽንግተን ፖስት ያወጣው የውስጥ ሰነድ፣ ሁዋዌ፣ «ፓንዳ» ከሚባል ሌላ የቻይና ድርጅት ጋር ሆኖ ኔትወርኩን በመገንባትና በመጠገን በድብቅ ሲሠራ እንደነበር ያሳያል። ስልክ ጠለፋውም ከመነሻው የታሰበበት ነው። ለባለሥልጣኖች የተለየ፣ የራሳቸው የምስጢር አሠራር ያለው መስመር፣ ለሌላው ሕዝብ ደግሞ የሚደመጥ መስመር። ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው ሲም ወደ ተራው ሰው ስልክ አይደውልም። የተራው ሰው ሲምም ወደ ውጭ ዜጋው አይደውልም። አንድ ከተማ፣ አንድ አንቴና፣ ግን እርስ በርስ የማይተያዩ ኔትወርኮች።

ኢንተርኔት የሚባለውም ለሕዝቡ የለም። ያለው ኳንግምዮንግ የሚባል የውስጥ መረብ ነው። የመንግሥት ጋዜጣ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ የምግብ አሠራር፣ እንደዚህ ያለ ነገር ይገኝበታል። ከሀገር አይወጣም።

እስካሁን ያልኩት ሌላም ሀገር ያለ ነገር ነው። መንግሥታት ስልክን ሲቆጣጠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ቧንቧውን ነው። ሲፈልጉ ይዘጉታል። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2020 መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ውጭ ሀገር ያለው ዘመድ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ወራት እንደቆየ እናስታውሳለን። ያ ቧንቧውን መዝጋት ነው። ግን እጅህ ላይ ያለው ስልክ ያንተ እንደሆነ ነው። ውስጡ ያለው ፎቶ ይከፈታል፣ ዘፈኑ ይጫወታል፣ ጎረቤትህ በብሉቱዝ የሰጠህን ፊልም ታያለህ።

ሰሜን ኮሪያ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። ቧንቧውን ብቻ ሳይሆን ስልኩን ራሱን ነው የያዘችው።

እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ የነገሩ ሁሉ ልብ እሱ ስለሆነ። ፍሎሪያን ግሩኖ እና ኒክላውስ ሺስ የሚባሉ ሁለት የጀርመን የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች መጀመሪያ ሬድ ስታር የሚባለውን የሰሜን ኮሪያ የኮምፒውተር ሥርዓት መረመሩ። በ2015 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ በተደረገ የሃከሮች ጉባኤ ላይ ውጤቱን አቀረቡ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ ፎቶ ወይም ሰነድ ላይ ሳይታይ ምልክት ይደረግበታል። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በማን በማን ኮምፒውተር እንዳለፈ ዱካው ይቀራል። በዓመቱ ደግሞ ኡሊም የሚባል የሰሜን ኮሪያ ታብሌት ይዘው መጡ። ቀፎው ከቻይና የመጣ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ብዙ ወር የደከመበት ሥራ አለ።

ታብሌቱ አንድን ፋይል ከመክፈቱ በፊት ማኅተም ይፈልጋል። ልክ ቀበሌ ሄደህ ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ ስትሰጥ «ይሄ ምንም አይደለም» ተብሎ እንደሚመለስልህ ማለት ነው። የሚቀበላቸው ማኅተሞች ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው። አንደኛው መንግሥት ያተመበት ፋይል ነው። መንግሥት የፈቀደው ፊልም፣ መጽሐፍ፣ ጌም። ሁለተኛው ታብሌቱ ራሱ የፈጠረው ፋይል ነው። በራሱ ካሜራ ያነሳኸው ፎቶ፣ ራስህ የጻፍከው ሰነድ። ይህኛው ማኅተም የሚሠራው ከዚያው ዕቃ መለያ ቁጥር ጋር ተያይዞ ነው።

አሁን ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ እንየው። ሁለት እህትማማቾች አሉ እንበል፣ ሁለቱም እንዲህ ዓይነት ዕቃ አላቸው። ታላቅየዋ የልጇን የልደት ፎቶ አነሳች። ለታናሿ በሚሞሪ ካርድ ሰጠቻት። ፎቶው የታላቅየዋ ዕቃ ማኅተም እንጂ የታናሿ የለውም። የመንግሥት ማኅተምም የለውም። ስለዚህ አይከፈትም። ፖለቲካ የለበትም፣ የውጭ ፊልም አይደለም፣ የልጅ ፎቶ ነው። መከልከያው ይዘቱን አያይም። ከሰው ወደ ሰው ማለፉን ነው የሚከለክለው።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ ነው ያሰብኩት። ሳንሱር ሲባል የለመድነው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ ይሄ ይውጣ ይሄ ይቅር ሲል ነው። እዚህ አንባቢ የለም። የተፈቀደ ካልሆነ ሁሉም የተከለከለ ነው፣ ውሳኔውንም የሚያስፈጽመው ስልኩ ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ከቻይና በኮንትሮባንድ የሚገቡ ሲዲዎች፣ ኋላም ፍላሽና ሚሞሪ ካርዶች የደቡብ ኮሪያን ድራማ በየቤቱ አስገብተው ነበር። መንግሥት ፍላሹን ድንበር ላይ ማስቆም አቃተው። ስለዚህ ፍላሹ የሚሰካበትን ዕቃ አሳወረው።

ከዚያ ስክሪንሾቱ አለ። ስልኮቹና ታብሌቶቹ ላይ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፣ ስሙ «ቀይ ባንዲራ» ነው። ተጠቃሚው አንድ አፕ ሲከፍት ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹን የሚያሳይ ሌላ አፕ ደግሞ አለ። ባለቤቱ ከፍቶ ማየት ይችላል። ማጥፋት አይችልም። ያገኘሁትን ነገር ሁሉ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላም ይቺ ናት ከአእምሮዬ የማትወጣው። እየሰለሉ መደበቅ ይችሉ ነበር። ሆን ብለው አሳዩት። አስበው፣ ማታ አልጋህ ላይ ተጋድመህ ቀኑን ሙሉ ያየኸውን በተራ ተደርድሮ ታገኘዋለህ፣ ጎዳና ላይ አስቁሞ ስልክህን የሚፈትሽ ሰው ነገ የሚያየውን ራስህ ቀድመህ ታየዋለህ።

የሚፈትሽ ሰው ስል ዝም ብዬ አይደለም። የውጭ ፊልምና ዘፈን የሚያሳድድ «ቡድን 109» የሚባል ክፍል አለ። ወጣቶችን መንገድ ላይ ያስቆማል። ስልክ ይቀበላል። የጽሑፍ መልእክቱን ያነባል። የሚፈልገው ፊልም ብቻ አይደለም፣ የአነጋገር ዘይቤም ጭምር ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር በ2025 ይበልጥ ገሃድ ወጣ። ዴይሊ ኤንኬ የተባለው፣ ሴኡል ሆኖ ስለ ሰሜን የሚዘግበው ድርጅት፣ በ2024 መጨረሻ በድብቅ ያስወጣውን አንድ ስልክ ቢቢሲ አሳየ። ስክሪኑን በየ5 ደቂቃው ፎቶ ያነሳል፣ ያስቀመጠበትን ፎልደር ግን አሁን ባለቤቱም መክፈት አይችልም። ከዚያ ኪቦርዱ። የኮሪያ ድራማ የምታዩ «ኦፓ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት ነው፤ ደቡቦቹ ጋ ግን ፍቅረኛዋንም ትጠራበታለች። እዚያ ስልክ ላይ ኦፓ ብለህ ስትጽፍ ስልኩ ራሱ ቃሉን ይቀይርና «ጓድ» ያደርገዋል። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ይህ ቃል ለወንድምና ለእህት ብቻ ነው የሚውለው ይላል። «ደቡብ ኮሪያ» ብለህ ስትጽፍ ደግሞ «አሻንጉሊት መንግሥት» ብሎ ይለውጠዋል።

ጓድ የሚለውን ቃል ስንሰማ እኛ ምን እንደሚሰማን መናገር አያስፈልግም። በደርግ ጊዜ በስብሰባው፣ በራዲዮኑ፣ በደብዳቤው ራስጌ ነበር። ሰሜን ኮሪያም በዚያ ዘመን ለእኛ ሩቅ አልነበረችም፤ ጥቁር አንበሳ አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት በ1984 ሲሠራ የእነሱ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ግን ጓድ ማለት የሰለቸው ሰው ያኔ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሚስቱን «የኔ ፍቅር» ማለት ይችል ነበር። አሁን ለፍቅረኛዋ መልእክት የምትጽፈዋን ሴት ኪቦርዱ ያርማታል። ጥር 2023 ላይ የወጣው የፒዮንግያንግ የባህል ቋንቋ ጥበቃ ሕግ የደቡብ አነጋገርን ወንጀል አድርጎታል። ስልኩ የሚሠራው ሕጉ የሚለውን ነው።

እንግዲህ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ከሆነ ለምን ይገዙታል? መልሱ እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም። ስልኩ እንጀራቸው ነው።

በ1990ዎቹ ረሀብ የመንግሥት ራሽን ሲቋረጥ ሰው በራሱ ገበያ ማቆም ጀመረ። ጃንግማዳንግ ይሉታል። ነጋዴዎቹ በብዛት ባለትዳር ሴቶች ናቸው፣ ወንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መመዝገብ ግዴታው ስለሆነ ነው። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው መሄድ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ስልክ ሳይኖር አንዲት ነጋዴ ሩዝ የት እንደረከሰ ለማወቅ ዕቃውን ይዛ መሄድ ነበረባት። ለባቡሩ፣ ለኬላው፣ ለፈቃዱ፣ ለሁሉም ጉቦ። ስልክ ሲመጣ ቁጭ ባለችበት ቻይና ድንበር ላይ ወዳለችው ከተማ ሺንዊጁ ደውላ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ዕቃውን በጭነት መኪና አስጭና ከሾፌሩ ጋር በስልክ ትነጋገራለች፣ ገንዘቡን በደላላ በኩል እንደ ሐዋላ ታስተላልፋለች። የተጫነ የአየር ሰዓትን ከስልክ ወደ ስልክ እያዛወሩ እንደ ገንዘብ የሚጠቀሙበትም አሉ። ካርድ ላኪልኝ እየተባባለ ያደገ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል።

ስለዚህ ስልክ መያዝ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የግድ ሆነ። የዛሬ ደንበኞች ቁጥር ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል፣ የሀገሪቱ ሕዝብ 26 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ስማርትፎኑ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚሸጠው። ለተራው ሠራተኛ ደመወዝ የማይታሰብ ነው፤ ገዢው በንግድ የሚያገኝ ሰው ነው። በወር ከተመደበው ደቂቃ በላይ የሚፈልግ ደግሞ ተጨማሪውን በውጭ ምንዛሪ ይገዛ ነበር። እዚህ ላይ የመንግሥት ጥቅም ፍንትው ብሎ ይታያል። ሕዝቡ ፍራሽ ሥር የደበቀውን ዶላርና ዩዋን በግድ ቢቀማው ያመፅበታል። ስልክ ሲሸጥለት ግን ራሱ ተሰልፎ ያመጣለታል። «የሀገር ውስጥ ምርት» የሚለው ስም አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው። ከኮንትሮባንዲስት ከመግዛት ከመንግሥት ሱቅ ግዛ ማለት ነው፣ ከመንግሥት ሱቅ ስትገዛ ደግሞ ቀይ ባንዲራው አብሮ ይመጣል። የሚሰልለውን ዘበኛ ደመወዝ የሚከፍለው ባለስልኩ ነው።

አፕ መጫንም እንደዚያው ነው። አፕ ለማስጫን ብዙውን ጊዜ ሱቅ ትሄዳለህ። ሱቁ ውስጥ የአፖች ዝርዝር ተለጥፏል። ጌም ወይም መዝገበ ቃላት ትመርጣለህ፣ ከፍለህ ይጭኑልሃል። እኛም ፒያሳና መርካቶ ዘፈን በሚሞሪ የምናስጭንበት ጊዜ ነበር፣ ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ የእኛ ሱቅ ልጅ ያለውን ሁሉ ይጭንልን ነበር፣ ከየት እንዳመጣውም አንጠይቀውም።

ግን የሰው ልጅ ነገር አይጨበጥም። ይህ ሁሉ ቁልፍ የተቆለፈበትን ስልክ የፈቱ ልጆች አሉ። በ2022 ያው ማርቲን ዊሊያምስ ከኒክላውስ ሺስ ጋር ሆኖ ባወጣው ጥናት ከሀገር ያመለጡ ሁለት ሰዎችን አነጋግሯል። ሁለቱም እዚያው ሳሉ የራሳቸውን ስልክ ሰብረው የሚሠሩ ነበሩ። ስልኩን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው፣ የጥበቃ ፕሮግራሙን አታለው ያልተፈቀደ ፋይል ያስገባሉ፣ የተነሳባቸውን ስክሪንሾት ያጠፋሉ። አንደኛው ይህን ዕውቀት ያገኘው መንግሥት ራሱ ቻይና ልኮት በሶፍትዌር ሥራ ላይ ሳለ ነው። ቁልፉን ለመሥራት ፕሮግራመር ያስፈልጋል። ፕሮግራመር ደግሞ ቁልፉ እንዴት እንደሚፈታ ማወቁ አይቀርም። እኛ ሀገር ስልክ ፍላሽ የሚያደርገው ልጅ ማንም ሳያስተምረው፣ አንዱ ስልክ ሲበላሽበት ሌላውን እየሞከረ እንደተማረው ማለት ነው።

ብዙ ናቸው አልልም። ጥናቱም እንደዚያ አይልም። ግን መንግሥት ጉዳዩን ንቆ አልተወውም። ታኅሣሥ 2020 ላይ የወጣው «አድኃሪ አስተሳሰብና ባህልን የማስወገድ ሕግ» የደቡብ ኮሪያን ፊልም በማሰራጨት እስከ ሞት የሚያደርስ ቅጣት አስቀምጧል። ያው ሕግ ስልክ ለመነካካት የሚያገለግል ፕሮግራም በሕገወጥ መንገድ መጫንንም ለይቶ ይከለክላል። ማንም የማይሠራውን ነገር ማንም ሕግ አያወጣበትም።

ሌላው መውጫ ከመንግሥት ስልክ ውጭ ያለው ስልክ ነው። ከቻይና ጋር በሚያዋስኑት ቱመንና ያሉ በሚባሉ ወንዞች ዳር የቻይና አንቴና ሲግናል ተሻግሮ ይመጣል። የቻይና ቀፎ ከቻይና ሲም ጋር ያለው ሰው ድንበሩ ላይ ሆኖ ወደ ሌላው ዓለም መደወል ይችላል። ከተያዘ እስር ነው፣ ደቡብ ኮሪያ ደውሎ ከተገኘ የባሰ ነው። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሲግናሉን የሚያፍንና ደዋዩን የሚያሳድድ መሣሪያ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ሰው መንደሩን ጥሎ ኮረብታ ላይ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ ያወራል፣ ይዘጋል፣ ባትሪውን ወይም ሲሙን ይነቅላል፣ ቦታ ይቀይራል። ስልኩ ብዙውን ጊዜ የደላላ ነው። ሴኡል ያለ ዘመድ ገንዘብ ይልካል፤ ደላላው 30 በመቶ ገደማ ቆርጦ የቀረውን ለቤተሰቡ ያደርሳል፣ ለማረጋገጥም ሁለቱን ወገን በስልክ ያገናኛል። ከጂዳ ወይም ከቤይሩት ደመወዟን ለእናቷ የምትልክ የእኛ ሀገር ልጅ ይህን ጥሪ በደንብ ታውቀዋለች። ደረሰሽ? ስንት ደረሰሽ? ደህና ናችሁ? እሷ ግን መልሳ መደወል ትችላለች።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሰሜን ኮሪያ ድንበሯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። አጥሩ ተጠናከረ፣ ዘብ ጨመረ፣ ጥሪውም እየሳሳ ሄደ። ሴኡል ያለው ሰው ደግሞ ከራሱ ተነስቶ መደወል አይችልም። ወዲያ ማዶ ያለው ስልክ የሚከፈተው ሰው ኮረብታው ላይ ለወጣባት ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ መቼ እንደሆነ ደግሞ አይታወቅም። ስለዚህ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ፣ ሲተኛም ድምፁን ከፍቶ አጠገቡ ያስቀምጠዋል።